ከጎን መቀመጫ ወደ ድምፅ ክፍል፦ የአንድ ሮልፕሌይ ማኅበረሰብ የፖሊስ ሥልጠና (የጉዳይ ጥናት)

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ይኸውም መነሻው አዲስ አበባ መሀል የሆነ፣ ነባር አባላቱ በአብዛኛው ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎና ከካዛንቺስ የተሰባሰቡ አንድ የኦንላይን ሮልፕሌይ (ገጸ ባሕርይ ይዞ የመጫወት) ማኅበረሰብ፣ ለጨዋታው የፖሊስ ክፍል አዳዲስ ተጫዋቾችን ያሠለጥንበት የነበረው መንገድ ለምን እንዳልሠራና በምን እንደተተካ ነው። የማኅበረሰቡን ስምም ሆነ የአባላቱን የጨዋታ ስም አልጠቅስም፤ ሥልጠናውን ይመራ የነበረውን ሰው «አሠልጣኙ»፣ አብራው ትሠራ የነበረችውን «ምክትሏ» እላቸዋለሁ። እኔ በወቅቱ ከቅሬታ ሰሚዎቹ አንዱ ስለነበርኩ የሥልጠናውን የጽሑፍ መዝገብ፣ የፈተና መልሶችንና በኋላ የቀረቡትን አቤቱታዎች ጎን ለጎን አድርጌ የማየት ዕድል ነበረኝ፤ የምሰጠው ግምገማም ከዚያ የመነጨ ነው።

ጨዋታውና ደንቡ

ማኅበረሰቡ የሚጫወተው ሳን አንድሪያስ መልቲፕሌየር በሚባለው፣ ተጫዋቾች በአጭሩ ሳምፕ በሚሉት ፕሮግራም ነው። ሳምፕ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ለፕሌይስቴሽን 2፣ በ2005 ደግሞ ለኮምፒውተር የወጣውን ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ብዙ ሰው በኢንተርኔት ተገናኝቶ እንዲጫወተው የሚያስችል፣ ከጨዋታው አምራች ውጭ የተሠራ ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያረጀ ጨዋታ የተመረጠው በትዝታ ብቻ አይደለም። ጨዋታው ይጠይቅ የነበረው ዝቅተኛ ራም 256 ሜጋባይት፣ የዲስክ ቦታውም ከ4 ጊጋባይት በታች ስለነበር፣ ዛሬ በየጌም ቤቱ የሚገኝ ያገለገለ ኮምፒውተር ሁሉ ይሸከመዋል። ከዚያው ተከታታይ በኋላ የወጣው ጂቲኤ 5 ግን ከ70 ጊጋባይት በላይ ቦታና ደህና ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ ያንን በሞባይል ዳታ ማውረድ ለአብዛኞቹ አባላት የሚታሰብ አልነበረም። ሁሉም የሚገናኝበት ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ በኪራይ የሚገኘው አውሮፓ ውስጥ በመሆኑ ከአዲስ አበባ የሚላክ መልእክት ደርሶ እስኪመለስ ከመቶ ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል፤ ይህ ተኩስ ብቻ ለሚጫወት ሰው ትልቅ ችግር ሲሆን፣ በጽሑፍ ለሚካሄድ ሮልፕሌይ ግን እምብዛም አይሰማም።

በሮልፕሌይ የሚፈለገው ማሸነፍ አይደለም። ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራል፤ ሹፌር፣ ነጋዴ፣ ሐኪም ወይም ፖሊስ ሆኖ ሎስ ሳንቶስ በምትባለው የጨዋታው ከተማ ይኖራል። በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ የማይገለጸውን ድርጊት በ«ሚ» ትዕዛዝ ይጽፋል፤ በዙሪያው የሚታየውንና የሚሰማውን ደግሞ በ«ዱ» ይገልጻል ወይም ይጠይቃል። ፖሊሱ «ኪሱን ይፈትሻል» ብሎ በ«ሚ» ከጻፈ በኋላ «ምን ያገኛል?» ብሎ በ«ዱ» መጠየቅና የተፈታሹን መልስ መጠበቅ አለበት። ሳይጠይቅ «ኪሱን ፈትሾ ሽጉጥ አገኘ» ብሎ ከጻፈ፣ የሌላውን ሰው ዕድል በራሱ እጅ ወስኗልና ፓወርጌሚንግ ይባላል። ከጨዋታው ውጭ፣ ለምሳሌ በስልክ፣ የሰማውን ነገር ገጸ ባሕርይው እንደሚያውቀው አድርጎ ከተጠቀመበት ሜታጌሚንግ ነው። በቂ ምክንያት ሳይኖር መግደል ደግሞ አርዲኤም ይባላል። ሳምፕ የግእዝ ፊደል ስለማያሳይ ይህ ሁሉ የሚጻፈው በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛ ነው፤ ስለዚህ አንድ መኪና አስቁሞ መንጃ ፈቃድ መጠየቅ ብቻ እንኳ በሁለት ወገን ጽሑፍ ሲካሄድ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። ትዕግሥት የሌለው ሰው የሚወጣው በዚህ በር ነው።

ጌም ቤቱ

ጉዳዩን ለመረዳት ከሥልጠናው በፊት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። ማኅበረሰቡ የተወለደው ፒያሳ አካባቢ በነበረ አንድ ጌም ቤት ነው። ከፊት ለፊት እንደ ማንኛውም ጌም ቤት የፕሌይስቴሽን ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ይጯጯሃሉ፤ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ጥቂት ኮምፒውተሮች ነበሩ። ኮምፒውተሮቹ ከተጫዋቹ ቁጥር ሁልጊዜም ያንሱ ስለነበር ተራ የሚጠብቅ ሰው ከሚጫወተው ጎን ዱካ ስቦ ይቀመጥ ነበር። አዲስ ሰው ሲመጣ «ና እዚህ ቁጭ በል፣ እያየህ ጠብቅ» ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማንም ሥልጠና ብሎ አልጠራውም፤ ነገር ግን ተራው እስኪደርስ አዲሱ ሰው ስንት ጊዜ መኪና ሲቆም፣ ስንት ጊዜ ሰው ሲፈተሽ፣ ስንት ጊዜ ወደ ተኩስ ሊሄድ የነበረ ጠብ ሲበርድ አይቷል። ተራው ደርሶ ሲጫወት ደግሞ ነባሩ ከጎኑ ሆኖ «ቆይ፣ አትተኩስ፤ መጀመሪያ ጠይቀው» ይለዋል። ጣቱ ቁልፍ ላይ ሳያርፍ ነው የሚታረመው።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ በኮሪደር ልማት ሥራ ሲቀየር ጌም ቤቱ የነበረበት ግቢ ከሚፈርሱት መካከል ሆነና ተዘጋ። ከአባላቱ የተወሰኑት ቤተሰቦቻቸው ወደ ከተማዋ ዳር ወደሚገኙ ኮንዶሚኒየሞች ሄዱ፤ ሌሎቹ ኮምፒውተር እየተዋሱ በየቤታቸው ቀሩ። መገናኛው በጽሑፍና በድምፅ የሚያነጋግረው ዲስኮርድ የተባለው ፕሮግራም ብቻ ሆነ። በዚያው ሰሞን ማኅበረሰቡ አደገ፤ ጌም ቤቱን በዓይናቸው ያላዩ የሜክሲኮና የልደታ ወጣቶች፣ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ አበሾች፣ አንድ ሁለት ጎልማሶችም ተቀላቀሉ። ጨዋታው ከ17 ዓመት በታች ላሉ እንደማይሆን ተመድቦ የወጣ ስለሆነ ልጆችን አለመቀበል ቀድሞም የነበረ ደንብ ነው። አዲስ ገቢው ሲበዛና ጎን የሚያስቀምጠው ሲጠፋ፣ «ወጥ ሥልጠና ይኑር» የሚለው ሐሳብ መጣ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። የተሰጠው ቅርጽ ግን የጌም ቤቱ አልነበረም፤ ሁሉም ከትምህርት ቤት የሚያውቀው፣ አንዱ ቆሞ የሚናገርበትና ሌላው ተቀምጦ የሚሰማበት ቅርጽ ነበር።

የእሁዱ ሥልጠና

አሠልጣኙ በትጋቱ የማይታማ ሰው ነው። ከውጭ ማኅበረሰቦች የእንግሊዝኛ የፖሊስ መመሪያ ሰብስቦ፣ ተርጉሞና አሳጥሮ፣ በስክሪን የሚታይ ስላይድ አዘጋጀ። ሥልጠናው በዲስኮርድ የድምፅ ክፍል እንዲሰጥ፣ በመጨረሻም የጽሑፍ ፈተና እንዲኖር፣ ፈተናውን ላለፈ ሰው የፖሊስ ልብስና መኪና እንዲሰጠው ተወሰነ።

የመጀመሪያው መሰናክል ሰዓቱ ነበር። ማስታወቂያው «እሁድ 2 ሰዓት ፒኤም» ይላል። አሠልጣኙ ያሰበው ከምሽቱ 2 ሰዓትን ነው፤ አዲስ አበባ ካሉት አብዛኞቹ እንዲሁ ተረዱት። ስልካቸው በፈረንጅ ሰዓት የሚቆጥርላቸው ጥቂቶች ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ገብተው ባዶ ክፍል ጠብቀው ወጡ። ዋሽንግተን ያሉት ደግሞ የራሳቸውን 2 ሰዓት ስለመሰላቸው ሲገቡ እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ያውም በበጋቸው ስለሆነ ነው እንጂ ክረምታቸው ቢሆን 4 ሰዓት ይሆን ነበር፤ እነሱ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ሲያዛውሩ እኛ አንነካውምና። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ውጤቱ ትንሽ አልነበረም፤ ዘግይቶ የገባ ሁሉ «ከየት ደረሳችሁ?» እያለ ንግግሩን ያቋርጥ ስለነበር የመጀመሪያው ክፍል ተደጋግሞ ተነገረ፣ የመጨረሻው ክፍል ደግሞ በጥድፊያ ታለፈ።

ሁለተኛው ዳታ ነው። ዲስኮርድ በተለመደው ቅንብሩ ድምፅን በሰከንድ 64 ኪሎቢት ስለሚያስተላልፍ፣ አንድ ሰው ያለማቋረጥ ሲናገር ለአድማጩ በሰዓት ወደ 29 ሜጋባይት ይፈጃል፤ ይህ የሚቻል ነው። ነገር ግን የእያንዳንዱ ተናጋሪ ድምፅ ለየብቻው ወደ አድማጩ ስለሚመጣ፣ ማይካቸውን ሳይዘጉ የተቀመጡ ሰዎች የቴሌቪዥን ድምፅና የጎረቤት ውሻ ሁሉ ተጨማሪ ዳታ ሆኖ ይወርዳል። ስክሪን ማሳየት ደግሞ ከድምፅ በብዙ እጥፍ ይበላል። ስለዚህ በጥቅል የገቡት ሠልጣኞች ስላይዱን መክፈት ትተው በድምፅ ብቻ ተከታተሉ፤ አሠልጣኙ ግን «እዚህ ላይ እንደምታዩት» እያለ ይቀጥል ነበር። ካላዩት አንድም ሰው «አላየሁም» አላለም።

ከሁሉም በላይ የምመዝነው ይህን ዝምታ ነው። ከመዝገቡ እንደሚታየው፣ በየክፍሉ መጨረሻ አሠልጣኙ «ገብቷችኋል?» እያለ ይጠይቃል፤ መልሱም ሁልጊዜ «አዎ»፣ «ግልጽ ነው»፣ «ቀጥል» ነው። ብዙ ሰው ባለበት፣ ነባሮቹ በሚሰሙበት ክፍል «አልገባኝም» ማለት ለእኛ ሰው ከባድ ነው። ሠልጣኙ የሚያስበው ስለ ራሱ ብቻ አይደለም፤ «ሰውዬው ይህን ያህል ደክሞ ድገምልኝ ብለው አያምርም» ይላል። ይሉኝታ እንዲህ ባለ ቦታ ጨዋነት መስሎ ስለሚታይ አሠልጣኙን ያታልለዋል። ጌም ቤት ሳለን የአዲሱ ሰው ይሉኝታ አልጠፋም ነበር፤ ነባሩ ጣቱን ስለሚያይ መልሱን መጠየቅ አላስፈለገውም እንጂ።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል አሠልጣኙ ባለበት ሰፈር መብራት ሄደ። ፈተናውን የሚከፍተው፣ በሰርቨሩም ላይ የአድሚን (የአስተዳዳሪ) ሥልጣን ያለው እሱ ብቻ ነበር። ምክትሏ በክፍሉ ውስጥ ብትኖርም ምንም ማድረግ አልቻለችም። ሠልጣኞቹ እርስ በርሳቸው እየተጨዋወቱ ከጠበቁ በኋላ ተበተኑ፤ ፈተናው በማግስቱ በሊንክ ተላከላቸው፣ እያንዳንዱም መመሪያውን ጎኑ ዘርግቶ ሠራው። ሁሉም ለማለት ይቻላል አለፉ።

የሚኒባሱ ክስ

ልብሱ ከተሰጠ ብዙም ሳይቆይ ከአዲሶቹ ሁለቱ ሎስ ሳንቶስ መሀል አንድ ሚኒባስ አስቆሙ። በዚህ ሰርቨር ሚኒባስ ቀልድ አይደለም። ሹፌርና ረዳት ሆነው የሚጫወቱት ሁለት ነባር አባላት ናቸው፤ ረዳቱ በሳን አንድሪያስ የባሕር ዳር መንገድ ላይ «ፒያሳ፣ ፒያሳ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ ሲጽፍ መንገደኛው በእውነት ይሰበሰባል። ፖሊሶቹ መንጃ ፈቃድ ጠየቁ። ሹፌሩ እንደ ወጉ መከራከር ጀመረ፤ ረዳቱ ወርዶ «ጋሼ፣ በናትህ፣ ዛሬ ገና መውጣታችን ነው» እያለ ይለምናል፤ ተሳፋሪዎቹ «ረፈደብን» ብለው ያጉረመርማሉ። ለሚጫወት ሰው ይህ ድግስ ነው። አዲሶቹ ፖሊሶች ግን ምን እንደሚያደርጉ ጠፋባቸው። አንደኛው የአሜሪካ የሬዲዮ ኮድ ጻፈ፤ ማንም አልገባውም። ሁለተኛው የሹፌሩን ኪስ ሳይጠይቅ ፈትሾ «ጫት አገኘ»። ሹፌሩ ከገጸ ባሕርይው ወጥቶ «ይህ ፓወርጌሚንግ ነው» አለ። ፖሊሱ ተናደደ ወይም ፈራ፤ የትኛው እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ተኮሰ፣ ሹፌሩም ሞተ። ተሳፋሪዎቹ በየአቅጣጫው ሸሹ፤ የዕለቱ ጨዋታም በዚያው ተበላሸ።

ክሱ ሲደርሰን መጀመሪያ ያየነው የፈተናውን መልስ ነው። «ፓወርጌሚንግ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ኪሱን የፈተሸው ልጅ የጻፈው መልስ ከመመሪያው የተሻለ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ትርጉሙን ያውቀዋል። በእጁ ላይ ሲደርስ ግን አላወቀውም፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ፊቱ ቆሞ ሲከራከረው፣ ሌላው ሲለምነው፣ ጓደኛው በድምፅ «ቶሎ በል» ሲለው ምን እንደሚጻፍ ማንም አሳይቶት አያውቅም።

ከቅሬታ ሰሚዎቹ መካከል «ሁለቱን አባርሮ ማለፍ ይበቃል» የሚሉ ነበሩ። እኔ አልተስማማሁም። የተኮሰው ልጅ ለጊዜው ከፖሊስ ክፍል መውጣቱ ተገቢ ነበር፤ በዚያው ሰሞን የደረሱን ሌሎች አቤቱታዎች ግን የሰው ስም ይለያዩ እንጂ ታሪካቸው አንድ ዓይነት ነበር። ሁሉም ባለጉዳዮች ፈተናውን አልፈዋል፤ ሁሉም ስተው የተገኙት ሌላ ሰው ባልተጠበቀ መንገድ ሲመልስላቸው ነው።

ሌላም ነገር ነበር። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ትራፊክ ፖሊስ ሚኒባስ ሲያስቆም እንዴት እንደሚሆን ያውቃል፤ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ አንድ ጠዋት መቆም ይበቃል። መንጃ ፈቃዱ በመስኮት ይሰጣል፣ ሹፌሩ ይወርዳል፣ ልመናው ይጀመራል፣ ፖሊሱ ፊቱን አዙሮ ይጽፋል። ሠልጣኞቹ ይህን ዕውቀት ይዘው መጥተው ነበር፤ የተተረጎመው መመሪያ ግን ቦታ አልሰጠውም። የሰጣቸው የአሜሪካ ፊልም ፖሊስን ነው፦ ኮድ፣ ካቴና፣ ከዚያም «ዝም የማለት መብት አለህ» የሚለውን በቃል የሚወረድ ንባብ። ይህ ንባብ በአሜሪካ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ከተሰጠ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ለእኛ የሚቀርበው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ሲሆን፣ የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ያለመናገር መብት እንዳለው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። ይህን ያነሳችው ምክትሏ ናት፤ ሐሳቡም ወዲያው ውሃ አነሳ፣ ምክንያቱም ለጨዋታው አዲስ በር ከፈተ። ሰው ሲያዝ በ48 የጨዋታ ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ካልቀረበ ጠበቃ ሆኖ የሚጫወተው አባል መክሰስ ይችላል።

እንደገና የተሠራው ሥልጠና

አዲሱን አሠራር ምክትሏና አሠልጣኙ አብረው ነደፉት። መነሻቸው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ጌም ቤት ሳለን ከጎን የተቀመጠው ሰው ያደርግ የነበረውን በኢንተርኔት ማን ያደርገዋል? በሳምፕ አድሚን የሆነ ሰው ሌላውን ተጫዋች «ስፔክቴት» ማድረግ፣ ማለትም ተጫዋቹ ያለበትን ቦታና የሚያደርገውን ተከትሎ ማየት ይችላል። ይህ ችሎታ እስከዚያ ድረስ ያገለግል የነበረው አጭበርባሪ ለመያዝ ብቻ ነው። አሁን ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ነባር ተመደበለት፤ ነባሩ ሠልጣኙን እየተከተለ ያያል፣ ሁለቱ ብቻ ባሉበት የድምፅ ክፍል ደግሞ በጆሮው ያናግረዋል። ስሙም «ጎን» ተባለ፤ «የኔ ጎን ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ተለመደ። ጎኑ የሠልጣኙን ጣት ማየት አይችልም፤ ያልተላከ ጽሑፍም አይታየውም። ይህ ጉድለት አልተፈታም። በከፊል የተሸፈነው ሠልጣኙ የሚጽፈውን ከመላኩ በፊት ለጎኑ ጮክ ብሎ እንዲናገር በመደረጉ ነው።

ንግግሩ ቀረ ማለት ይቻላል። ደንቦቹ ቀድመው በጽሑፍ ይላካሉ፤ በአማርኛ፣ በግእዝ ፊደል፣ ያለ ስዕል፣ በትንሽ ዳታ። ሥልጠናው የሚጀምረው በትዕይንት ነው። የመጀመሪያው ትዕይንት ላይ ሠልጣኙ ፖሊስ አይሆንም፤ ሚኒባስ ሹፌር ይሆንና አሠልጣኙ ራሱ እንደ መጥፎ ፖሊስ ያስቆመዋል። ሳይጠይቅ ይፈትሸዋል፣ መልስ ሳይጠብቅ ካቴና ያስገባበታል። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይናደዳሉ፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ቀጥሎ ቦታ ይቀያየራሉ። አሠልጣኙ ሹፌር ሆኖ ይከራከራል፣ ይለምናል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል፣ አንዳንዴ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። ሠልጣኙ ሲስት ትዕይንቱ ይቆምና ከዚያው ቦታ ይደገማል። «ገብቷችኋል?» የሚለው ጥያቄ በሥልጠና ሰዓት እንዳይነሳ ተከለከለ፤ በእሱ ፋንታ «አሳየኝ» ይባላል። መጀመሪያ ላይ አሠልጣኙ ከልማዱ የተነሳ ይረሳው ስለነበር ምክትሏ በጽሑፍ ትጎሽመው ነበር።

በአንድ ጊዜ የሚሠለጥኑት ከአራት እንዳይበልጡ ተደረገ። ቁጥሩ ሲያንስ ያልታሰበ ጥቅም ተገኘ፦ በትልቁ ክፍል ማይካቸውን ከፍተው የማያውቁ ሴት ሠልጣኞች በትንሿ ክፍል መናገር ጀመሩ። ምክትሏ ይህን ከመጀመሪያው ትጠብቀው ነበር፤ ሌሎቻችን አላስተዋልነውም። ማይክ የሚከፈተው ቁልፍ ሲጫኑ ብቻ እንዲሆን፣ ማለትም ተጭኖ መናገር፣ ግዴታ ሆነ፣ ስክሪን ማሳየት ቀረ። የአድሚን ሥልጣን ያላቸው ሁለት ሰዎች፣ በተቻለ መጠን ከተለያየ ሰፈር፣ ሳይገኙ ሥልጠና እንዳይጀመር ተወሰነ፤ የአንዱ መብራት ሲሄድ ሌላው ይቀጥላል። ማስታወቂያው ላይ ደግሞ «ከምሽቱ 2 ሰዓት በአዲስ አበባ» ተብሎ በቃል ይጻፋል፣ ከሥሩም ለእያንዳንዱ አንባቢ በራሱ አገር ሰዓት የሚታየው የዲስኮርድ የሰዓት ምልክት ይገባል። የሥልጠና ቀን ከመቆረጡ በፊትም ዋዜማ፣ ትልቅ በዓል ወይም የረመዳን አፍጥር ሰዓት እንዳይሆን ይታያል።

አስቸጋሪው የዕድሜ ጉዳይ ነበር። ከሠልጣኞቹ አንዱ አርባዎቹን ያጋመሱ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸዋል። የተመደበላቸው ጎን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ሲስቱ አያርማቸውም፤ ቢበዛ «ጥሩ ነው ጋሼ፣ ግን ምናልባት…» ብሎ ይተዋል። እሳቸውም ፖሊስ ሆነው ወጣት ሹፌር ሲያስቆሙ ምንም ችግር የለባቸውም፤ ሹፌሩ ግን «እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ ጋሼ» እያለ ሳይከራከር ስለሚታዘዛቸው ምንም አይማሩም ነበር። «በጨዋታ ውስጥ ሁሉም አንተ ይባባል» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ግማሹ ተቃወመው፤ እውነት ለመናገር እኔም ነገሩ አላማረኝም። በመጨረሻ የተስማሙበት፣ በጨዋታው ውስጥ ገጸ ባሕርይው ለዕድሜውና ለሥራው የሚገባው አጠራር እንዲጠራ፣ ጋሼ ራሳቸውም የሃያ አምስት ዓመት ገጸ ባሕርይ እንዲፈጥሩ ነው። ፈጠሩ። ከዚያ ወዲያ በጨዋታው ውስጥ «አንተ፣ ና ውረድ» ሲባሉ የሚስቁት ከሁሉ በፊት እሳቸው ናቸው፤ ከጨዋታው ሲወጡ ግን ጋሼነታቸው ይመለሳል። እርማቱ ደግሞ በቃል መሆኑ ቀርቶ ሥልጠናው ሲያልቅ በጽሑፍ ለብቻቸው እንዲላክ ተደረገ። ተማሪው በጽሑፍ ሲሆን ምንም ነገር አይደብቅም።

የታየው ለውጥና ያልተፈታው

በአዲሱ መንገድ የሠለጠኑት ላይ የሚቀርበው ቅሬታ በዓይነቱ ተለወጠ። ያለ ምክንያት የመተኮስ ክስ ከእነሱ በኩል እምብዛም አልመጣም፤ ይልቁንም «ፖሊሱ በጣም ያካብዳል»፣ «ለአንድ ቀበቶ ይህን ያህል አቆመኝ» የሚል እሮሮ በዛ። ለእኔ ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ በጨዋታ ውስጥ ሊፈታ የሚችል ቅሬታ ነውና። የሚኒባሱ ሹፌር ራሱ ከጎኖቹ አንዱ ሆነ። ተኩሶ የወጣው ልጅም ከጥቂት ጊዜ በኋላ በራሱ ጥያቄ ተመልሶ ሠለጠነ፤ አሁን በትራፊክ በኩል ከሚመሰገኑት አንዱ ነው።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ቀድሞ አንድ አሠልጣኝ በአንድ ምሽት ብዙ ሰው ያስተናግድ ነበር፤ አሁን ለአራት ሠልጣኝ አራት ጎን፣ አንድ አሠልጣኝና አንድ ምክትል ይፈለጋሉ። ነባሮቹ መጫወት የሚፈልጉበት ምሽት ሥልጠና ይሆንባቸዋል። የተራ ጠባቂው ዝርዝር ረዘመ፤ አንዳንዶቹ ተስፋ ቆርጠው ወደ ሌላ ሰርቨር ሄዱ። ዝርዝሩ ሲረዝም ደግሞ «ይቺን ልጅ ቅደምልኝ፣ የአክስቴ ልጅ ናት» የሚል የውስጥ መልእክት መጣ፤ አሠልጣኙ ላይ የደረሰው ጫና ከዚህ በኩል ነው የሚብሰው። አሠልጣኙ የአንዱን ልመና ተቀብሎ አንድ ሰው ማስቀደሙ ሲታወቅ በነባሮቹ መካከል ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ዝርዝሩ ለሁሉም እንዲታይ የተደረገው ከዚያ በኋላ ነው።

ፈተናው ይቅር ወይስ ይኑር የሚለው ክርክርም አልተዘጋም። አሠልጣኙ አንድ የጽሑፍ ማረጋገጫ መኖሩ ለቅሬታ ጊዜ ይጠቅማል ይላል፤ «አላወቅሁም» የሚል ሰው እንዳይኖር። ምክትሏ ደግሞ ፈተና እስካለ ድረስ ሰው ለፈተናው ነው የሚዘጋጀው ትላለች። እኔ ወደ ምክትሏ አደላለሁ፤ የመጀመሪያው ዙር ፈተና ሠልጣኞቹን ሳይሆን አሠልጣኙን ያረጋጋ እንደነበር ከመዝገቡ አይቻለሁና። ለጊዜው የተደረሰበት ስምምነት፣ መመሪያው ተከፍቶ የሚሠሩ ጥቂት ጥያቄዎች እንዲኖሩና የማለፍ ውሳኔው ግን ሠልጣኙን ላላሠለጠነ ሌላ ጎን እንዲሰጥ ነው፤ ያም ጎን ሠልጣኙን በእውነተኛ የሥራ ምሽት ተከትሎ ያያል፣ በጆሮው ግን አንድም ቃል አይናገርም።

የአምቡላንስ ክፍሉ ይህንኑ አሠራር ለመውሰድ ጠይቋል። የእነሱ ትዕይንት ከፖሊስ ይረዝማል፤ ቁስለኛው ዝም ብሎ ተኝቶ ስለሚጠብቅ ሁለተኛ ሰው ሳያሰለቹ ማሠልጠን ይከብዳል። ምክትሏ ቁስለኛ ሆነው የሚተኙትን ከቀድሞ ሠልጣኞች ለመመልመል አስባለች፤ የመጀመሪያዎቹ ፈቃደኞችም የሚኒባሱ ረዳትና ጋሼ ናቸው።